ዊሊ ኦሪ 45 ጨዋታ ብቻ አይደለም

ስለ ሆኪ ተጫዋቹ ስለ ዊሊ ኦሪ የከፈትኩት የውይይት ክር ረዘመ። አዲስ የገቡ ሰዎች ከየት ጀምረን እናንብብ እያሉ በውስጥ መስመር ይጽፉልኛል። የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ከመጀመሪያው እስከ አሁን የተባለውን በቁጥሩ ተራ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ያጎደልኩት ወይም ያጣመምኩት ካለ አርሙኝ።

የእኔ መክፈቻ

የምኖረው ሳንዲያጎ ነው። የ11 ዓመት ልጄ አይስ ሆኪ ይጫወታል። ባለፈው ጃንዋሪ የከተማችንን ቡድን ጋልስን ሊያይ ወሰድኩት። ጋልስ የሚጫወተው ኤ ኤች ኤል በሚባለው ሊግ ነው፤ ከዋናው ሊግ ከኤን ኤች ኤል አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። በእረፍት ሰዓት ልጄ ስለ ዊሊ ኦሪ ጠየቀኝ። ጋልሶች የማልያ ቁጥሩን ለክብሩ ሰቅለውለታል። የመጀመሪያው ጥቁር የኤን ኤች ኤል ተጫዋች ነው አልኩት። እዚያ ስንት ዓመት ተጫወተ ሲለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ቤት ገብቼ አነበብኩ። መልሱ 45 ጨዋታ ነው። ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ የሚያወራው ስለ እነዚያ 45 ጨዋታዎች ነው። ጃንዋሪ 18፣ 1958 ሞንትሪያል ላይ ለቦስተን ብሩይንስ ተሰለፈ። 2018 ላይ የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ቦስተንም በ2022 ቁጥር 22ን ከዚህ በኋላ ማንም አይለብሰውም ብላ ሰቀለችለት። ደስ ይላል፣ ይገባዋልም። ግን ሰውየው የጨዋታ ዘመኑን በአብዛኛው ያሳለፈው ሌላ ቦታ ነው። ኩቤክ፣ ኪንግስተን፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሳንዲያጎ። ስለዚያ ኑሮ የሚጽፍ ሰው ለምን ጠፋ?

አቋሜን ጻፍኩ። ዊሊ ኦሪ ዋናው ሊግ ላይ ብቅ ብሎ የጠፋ ሰው አይደለም። የታችኛው ሊግ ታላቅ ባለሙያ ነው፣ በዚያ ካልለካነው ሰውየውን አላወቅነውም። ጥያቄም አስከተልኩ፦ በታችኛው ሊግ ያለቀ የስፖርት ሕይወት እንደ ውድቀት መቆጠር አለበት ወይ? ልጃችሁ በዚህ መንገድ ልሂድ ቢላችሁስ ምን ትሉታላችሁ?

መልስ 1

የሚኒያፖሊስ እህታችን ናት። በጣም በትህትና አመሰገነችኝ። በረዶ በሞላበት አገር 14 ዓመት ኖራ የሆኪን ሊግ አንዱን ከአንዱ እንደማትለይ ተናገረች፤ እስቲ ለማያውቅ ሰው አስረዱ አለች። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ብዙዎቻችን ለመጠየቅ አፍረን ነው።

መልስ 2

ከቶሮንቶ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው። ደረጃውን እንደ መሰላል አስቀመጠው። ከላይ ኤን ኤች ኤል፣ 32 ቡድን። ከሥሩ ኤ ኤች ኤል፣ በ1936 የተጀመረ፣ እሱም 32 ቡድን፤ እያንዳንዱ ከላይ ካለው ቡድን ከአንዱ ጋር የተሳሰረ ነው። ከዚያ በታች በ1988 የተመሠረተው ኢ ሲ ኤች ኤል አለ። ዛሬ ዋናው ሊግ ላይ ከሚጫወቱት 100 ሰዎች ወደ 90 የሚጠጉት በኤ ኤች ኤል ያለፉ ናቸው አለ። ስለዚህ ታችኛው ሊግ ለወደቁ ሰዎች ብቻ የተሠራ ቦታ አይደለም፤ ሁሉም የሚያልፍበት በር ነው። ልዩነቱ አንዳንዱ ያልፍበታል፣ አንዳንዱ እዚያው ይኖራል።

ይህን የመጨረሻ ነጥቡን ወድጄዋለሁ። የእኔ ጥያቄ እዚያው ስለሚኖሩት ነበር።

መልስ 3

እርማት የላከልኝ ሰው ነው። መጀመሪያ መክፈቻዬ ላይ ኦሪ እስከ 1979 ሳያቋርጥ ተጫወተ ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ሎስ አንጀለስና ሳንዲያጎ ሳለ የሚጫወትበት የምዕራቡ ሊግ፣ ያኔ ከኤን ኤች ኤል ዝቅ ያለ ሊግ የነበረው፣ በ1974 ፈረሰ። ወደ ፕሮፌሽናል ሆኪ የተመለሰው በ1978 ለአንድ የውድድር ዓመት ነው፣ ሳንዲያጎ ሆክስ ለሚባል ቡድን፤ ያኔ 43 ዓመቱ ነበር። ደግሞ በ45ቱ ጨዋታ 14 ጎል ብዬ የጻፍኩት 14 ነጥብ ነው፦ 4 ጎልና 10 አሲስት፣ ማለትም ለጎል ያቀበለው። ሁለቱንም አስተካክያለሁ። እንዲህ ያለ እርማት ይመቸኛል፣ ሰው ሳያዋርድ ያርማል።

መልስ 4

እዚህ ላይ ነው ክሩ የሞቀው። ካልጋሪ የምትኖር እናት ናት፣ ወንድ ልጇ ሆኪ ይጫወታል። ምንም አልሸፋፈነችም። ድህነትን እያሞገስክ ነው አለችኝ። የሆኪ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሚያስከፍል የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው አለች። ጫማው፣ መከላከያው፣ የበረዶው ኪራይ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ሌላ ከተማ ሆቴል። እሷና ባለቤቷ ሁለት ሁለት ሥራ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ ወጥቶ ልጁ በ30 ዓመቱ አውቶቡስ ላይ የሚተኛ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣ ዲግሪ የሌለው ሰው እንዲሆን አልፈልግም፤ ኦሪን አከብራለሁ፣ ልጄ ግን ኦሪን እንዲሆን አልመኝም ብላ ዘጋችው።

እውነቱን ለመናገር አመመኝ። መልሴን ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ አጠፋሁት። እኔም የከፈልኩትን አውቃለሁና። ግን ያለችው ውሸት አልነበረም።

መልስ 5

ከአትላንታ አካባቢ ነው። የኢ ሲ ኤች ኤል ቡድን የሚጫወትበት አሬና ውስጥ በጽዳት ሥራ ጥቂት ዓመት ሠርቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ከክሩ ሁሉ ትልቁን ነገር ይዞ የመጣው እሱ ነው፣ ምክንያቱም በዓይኑ ያየውን ነው የጻፈው።

በቅርብ ዓመታት ጀማሪ የሚያገኘው በሳምንት 500 ዶላር አካባቢ ነው አለ፣ ያውም ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ብቻ። ቤት ቡድኑ ይሰጣል። ሲሰናበቱ ግን ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ በተከታታይ የሚጫወቱበት ሳምንት አለ። እሑድ ማታ ሁሉም ሰው ሄዶ እሱ ወንበር ሥር ሲጠርግ፣ ተጫዋቾቹ በረዶ ጉልበታቸው ላይ አስረው በኮሪደሩ ቀስ እያሉ ሲወጡ ያያቸዋል።

ቀጥሎ ብዙዎቻችን ሰምተነው የማናውቀውን ሕግ ነገረን። በቅርብ ዓመታት ደንብ ኢ ሲ ኤች ኤል ውስጥ 260 ወይም ከዚያ በላይ የፕሮፌሽናል ጨዋታ ያደረገ ተጫዋች አንጋፋ ይባላል። አንድ ቡድን ማሰለፍ የሚችለው አንጋፋ አራት ብቻ ነው። ሊጉ የወጣቶች መማሪያ እንዲሆን ተብሎ ነው። ዓላማው መጥፎ አይደለም። ግን ምን ያመጣል? ሰውየው ሥራውን በደንብ የተማረ ዕለት ቦታው ይጠብበታል። የሚያውቀው አንድ ተከላካይ ነበር፣ 29 ዓመቱ፣ ሚስቱ እርጉዝ። በየጠዋቱ ለጽዳት ሠራተኞቹ ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። አንድ ረቡዕ አምስተኛ አንጋፋ ሆነና ሌላው ተመርጦ እሱ ቀረ። ዕቃውን በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ነበር የሚያወጣው፤ ላስቲኩን የሰጠው ይሄው መላሽ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለደቂቃዎች ስልኬን አስቀመጥኩ።

መልስ 6

ለ5 የተጻፈ ነው። ብዙም አላዘነም፣ ቁጥር ይወዳል። አንድ ደረጃ ከፍ ሲባል ሁኔታው ይለያል አለ፤ ኤ ኤች ኤል ላይ ትንሹ የዓመት ደመወዝ ከ50 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ከዚያ የሁለት መንገድ ውል የሚባለውን አስረዳ። ያው አንድ ሰው፣ አንድ ፊርማ፣ ሁለት ደመወዝ፤ ታች ሲጫወት አንዱ፣ ላይ ሲጠራ ሌላው። በ2025 እና 26 የውድድር ዓመት የኤን ኤች ኤል ትንሹ ደመወዝ 775 ሺህ ዶላር ነው። የሚታሰበው በቀን ነው። ስለዚህ ታች ያለ ልጅ ማታ ስልክ ተደውሎለት ላይ ለአንድ ቀን ቢጠራ ወደ 4 ሺህ ዶላር ያገኛል። አሥር ቀን ከቆየ ደግሞ ለታችኛው ሊግ ሰው የብዙ ወር ገንዘብ ነው። በሽተኛ ሆነው እንኳ ስልካቸውን የማያጠፉት ለዚህ ነው አለ።

መልስ 7

ከአዲስ አበባ የጻፈ። እግር ኳስ ተጫዋች ነበር፣ ከፍተኛ ሊግ። ስለ በረዶ ምንም አላውቅም ብሎ ጀመረ። ግን አውቶቡሱን አውቀዋለሁ አለ። ሌሊት ተጉዞ፣ ጠዋት ደርሶ፣ ከሰዓት መጫወት። ልዩነቱ እኛ አራት ወር ደመወዝ ሳይከፈለን የምንከሰው አካል አልነበረንም አለ፤ ክለቡን አልጠቀሰም፣ እኔም አልጠይቀውም። ከዚያ ለቶሮንቶው ሰው ጥያቄ አቀረበ፦ እነዚህ ተጫዋቾች ማኅበር አላቸው ወይ? መልስ 2 ተመልሶ መጣና አላቸው አለ። በ1967 የተመሠረተ፣ ዛሬ የኤ ኤች ኤልንም የኢ ሲ ኤች ኤልንም ተጫዋቾች ወክሎ የሚደራደር ማኅበር ነው። የአዲስ አበባው ወንድማችን ይህን ሲሰማ እኛም አንድ ሰው ቢኖረን ኖሮ አለ፣ እና ሌላ አልጨመረም።

መልስ 8

ዳላስ ያለች ነርስ። የኦሪን ዓይን ጉዳይ ያነሳችው እሷ ናት፣ እኔ ረስቼው ነበር። መርሳት አልነበረብኝም።

በ1955 እና 56 የውድድር ዓመት፣ ኦሪ ኦንታሪዮ ውስጥ በወጣቶች ቡድን ሲጫወት ፓኳ ፊቱን መታችው። ለማታውቁት፣ ፓክ ማለት እንደ ድንጋይ የጠነከረች ጠፍጣፋ ጎማ ናት። አፍንጫውና ጉንጩ ተሰበረ። ከቀኝ ዓይኑ 95 በመቶ ብርሃን ጠፋ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አትጫወትም አለው። በሁለት ወር ውስጥ ተመልሶ በረዶው ላይ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ኩቤክ ኤስስ ከሚባል ቡድን ጋር ፕሮፌሽናል ሆነ። የኤን ኤች ኤል ሕግ አንድ ዓይኑ የማያይ ሰው እንዲጫወት አይፈቅድም። ስለዚህ ዝም አለ። እያንዳንዷን የ45ቱን ጨዋታ፣ ከዚያም በኋላ ያለውን ዕድሜውን በአንድ ዓይን ተጫወተ።

ነርሷ ከዚህ አልፋ ሄደች። እስቲ አስቡት አለች። እሱ የግራ መስመር አጥቂ ነው። የግራ መስመር አጥቂ ወደ ፊት ሲሮጥ ሜዳው በሙሉ ያለው በቀኙ ነው። ፓኳ የምትመጣው ከቀኝ፣ የሚመታው ተከላካይ የሚመጣው ከቀኝ። የማያየው ደግሞ በቀኝ ነው። ስለዚህ አንገቱን በቀኝ ትከሻው ላይ ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረበት፣ በዚያ ፍጥነት። ከሎስ አንጀለስ አሠልጣኞቹ አንዱ፣ አልፍ ፓይክ፣ ወደ ቀኝ መስመር ሲያዛውረው ነው ነገሩ የተቀየረው። አሁን ሜዳው በጤነኛው ዓይኑ በኩል ሆነ። በ1964 እና 65 የውድድር ዓመት 38 ጎል አገባ። በ1968 እና 69፣ 33 ዓመት ሞልቶት፣ ለሳንዲያጎ እንደገና 38። ሁለቱንም ጊዜ በሊጉ በጎል የበለጠው ሰው አልነበረም።

ለእኔ የክሩ ልብ ይሄ ነው። ሰውየው ምርጥ የሆነው ካሜራው ከሄደ በኋላ ነው። ዋናው ሊግ ያየው አንገቱን እያዞረ ሲቸገር ነው። ትክክለኛውን ዊሊ ኦሪን ያዩት የሎስ አንጀለስና የሳንዲያጎ ሰዎች ናቸው።

መልስ 9

ሁሉም ሲያደንቅ አንድ ሰው ተቃወመ፣ በሹል አነጋገር። ይህ ጀግንነት አይደለም፣ ማታለል ነው አለ። ሕጉ የወጣው ተጫዋቹን ለመጠበቅ ነው። ሁለተኛው ዓይኑ ቢጠፋስ? ልጆቻችሁን ጉዳታቸውን እንዲደብቁ ልታስተምሯቸው ነው ወይ? ብሎ ነርሷን በተለይ ወቀሳት፤ ሙያሽ አይፈቅድልሽም አለ።

ነርሷ አልተቆጣችም። ልጅ ቢሆን አልፈቅድለትም ነበር አለች። እሱ ግን የ20 ዓመት ሰው ነበር፣ ምርጫው በሩን ዘግቶ ቤቱ መግባት ወይም ዝም ማለት ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የ9 ሰውዬ አነጋገሩን ቢያለዝብ መልካም ነበር።

መልስ 10

የሲያትል ሰው፣ ረጅም ጽሑፍ። ኦሪ ወደ ዋናው ሊግ ያልተመለሰው በቆዳው ቀለም ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም አለ። ያኔ ኤን ኤች ኤል ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው። በሌላ ዘመን ዋናው ሊግ የሚገቡ ብዙ ነጮችም ታች ቀርተዋል። ሁለት ምሳሌ ሰጠ። የሲያትሉ ጋይል ፊልደር በታችኞቹ ሊጎች፣ አብዛኛውን በምዕራቡ ሊግ፣ ከ1,900 በላይ ነጥብ ያስመዘገበ ሰው ነው፤ ኤን ኤች ኤል ላይ በመደበኛው ውድድር 9 ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ። ዊሊ ማርሻል ደግሞ እስከ ዛሬ የኤ ኤች ኤል የነጥብ ንጉሥ ነው፣ 1,375። ላይ የተጫወተው 33 ጨዋታ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ሥራ ነበር፣ ሥራውን የሚያውቁበት ከተማም ነበር፤ ውድቀት አትበሉት አለ።

በመጨረሻው ነጥብ እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። በመጀመሪያው ግን አይደለሁም፣ እና ብቻዬን አልነበርኩም።

መልስ 11

የዲሲ እህት። እሳት ሆና መጣች። ስድስት ቡድን መሆኑን እናውቃለን፣ ግን ለፊልደር ከመቀመጫ ላይ ሆኖ የሰደበው ነበር ወይ አለች። ቺካጎ ላይ አንድ ተጫዋች በስቲኩ፣ በመጫወቻ ዱላው ማለት ነው፣ ጫፍ የኦሪን ፊት መትቶ አፍንጫውን ሰበረው፣ ሁለት ጥርሱን አወለቀ። በ1961 የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ የቦስተን ኃላፊዎች ለሚቀጥለው ዓመት ከእኛ ጋር ነህ አሉት። ወደ ሞንትሪያል መተላለፉን የሰማው በስልክ ነው። ከእሱ በኋላ ሁለተኛው ጥቁር ተጫዋች ማይክ ማርሰን ኤን ኤች ኤል የገባው በ1974 ነው፣ በእሷ ከተማ፣ በዋሽንግተን ካፒታልስ። በ1967 ቡድኖቹ ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ሲያድጉ ኦሪ ገና ጎል እያገባ ነበር፤ የጠራው የለም። ስድስት ቡድን ነበር የሚለው ምክንያት እስከ 1967 ብቻ ነው የሚሠራው፣ ከዚያ ወዲያ ምን ልትል ነው አለችው።

ልክ አገባችለት። ግን መጨረሻ ላይ የሲያትሉን ሰው የነጮች ጠበቃ ብላ ጠራችው፣ እሱ አያስፈልግም ነበር።

መልስ 12

የሲያትሉ ሰው ተመለሰ። በስድቡ ተቀይሟል፣ ግን 1967ን አላሰብኩትም ነበር ብሎ ተቀበለ። ዕድሜውም 31 እንደነበር አልዘነጋም አለ። እዚያ ላይ ቆሙ። እንዲህ የሚቆም ክርክር እዚህ መድረክ ላይ ብዙ አላየሁም።

መልስ 13 እና 14

ከርዕስ ወጣን። 13 ስቶክሆልም ያለ ልጅ ነው፣ በደስታ ኤን ኤች ኤል የተጫወተውን ኦሊቨር ኪሊንግተንን አስታወሰ፣ የእኛ ልጅ ነው አለ። 14 ወዲያው ተነሳበት። እናቱ ኤርትራዊት ናቸው፣ ሌላ ሰው የወለደውን የእኛ አትበሉ፣ ይሄ ልማድ ይብቃ አለ። ከዚያ ቁጥር ያልሰጠኋቸው ሰባት ስምንት መልሶች ፖለቲካ ሆኑ። አስተዳዳሪው አጠፋቸው፣ እኔም አልደግማቸውም።

መልስ 15

ስለ ኪሊንግተን ሊባል የሚገባውን ያለው ይሄ ሰው ነው፣ ከኤድመንተን። ልጁ ስቶክሆልም በ1997 ተወለደ፤ አባቱ ስዊድናዊ ናቸው፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ለእኛ ክር የሚጠቅመው ሌላው ነው። የካልጋሪ የኤን ኤች ኤል ቡድን በ2015 የወጣት ተጫዋቾች ምርጫ በ60ኛ ተራ መረጠው። ከዚያ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያሳለፈው በአብዛኛው ስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ፣ ኤ ኤች ኤል ላይ ነው። በ18 ዓመቱ፣ ከቤተሰቡ ውቅያኖስ ተሻግሮ። ላይ ለሙሉ ዓመት የቆመው በ2021 እና 22 ነው፦ 73 ጨዋታ፣ 31 ነጥብ። በሚቀጥለው ዓመት አልተጫወተም። በጃንዋሪ 2024 ሲመለስ የአእምሮ ጤና ችግር እንደነበረበት በግልጽ ተናገረ።

የኤድመንተኑ ሰው የጨመረው ነገር አለ። እኛ ልጆቻችንን ስንት ጎል አገባህ ብለን እንጠይቃለን፤ እንዴት ነህ ብሎ የሚጠይቃቸው ሌላ ሰው ነው አለ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እኔም መኪና ውስጥ የምጠይቀውን ጥያቄ ቀይሬያለሁ።

መልስ 16

የአትላንታው፣ መልስ 5 የጻፈው፣ እንደገና። ዌይክሮስ የምትባለው የጆርጂያ ከተማ ከእሱ ቤት የጥቂት ሰዓት መንገድ ናት። ኦሪ ቤዝቦልም ይጫወት ነበር። በ1956 የቤዝቦል ቡድኑ የሚልዋኪ ብሬቭስ ለሙከራ ዌይክሮስ ጠሩት። የጥቁርና የነጭ መጸዳጃ ተለይቶ ሲያይ ይህ የእኔ ቦታ አይደለም አለ። ሲሰናበት ወደ ሰሜን፣ ወደ ተወለደባት የካናዳ ከተማ ወደ ፍሬድሪክተን፣ በአውቶቡስ አምስት ቀን ተጓዘ። ሲነሳ ከኋላ ወንበር ላይ ነው። ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር ወደ ፊት እየተጠጋ ተቀመጠ። ካናዳ ሲደርስ ቤዝቦልን ትቶ ሆኪን መርጦ ነበር።

አውቶቡስ እንግዲህ ለዚህ ሰው የኑሮው ሁሉ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላም የጨዋታ ዘመኑን እዚያው ላይ ነው ያሳለፈው።

መልስ 17

አንድ አባት ያገለገለ የበረዶ ጫማ ለ9 ዓመት ልጅ የት ይገኛል ብሎ ጠየቀ። ሦስት ሰው መለሰለት። ሰፊ ገዝቶ ካልሲ መደረብ ስህተት ነው፣ ቁርጭምጭሚት ያዞራል፣ በልክ ግዛ፣ ስለቱን አስለህ ጀምር። ከርዕስ ውጪ ነው፣ ግን አላስወጣሁትም። ይሄም ኑሮ ነው።

መልስ 18

ከዚያስ? ኦሪ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ምን ሠራ? ብሎ የጠየቀ ነበር፣ የመለስኩት እኔው ነኝ። ግንባታ ላይ ሠርቷል። የፈጣን ምግብ ቤት አስተዳድሯል። እዚሁ ሳንዲያጎ ኮሮናዶ ሆቴል በጥበቃ ሠርቷል። ኤን ኤች ኤል ለልጆች ፕሮግራም የጠራው በ1998 ነው፣ 60 ዓመት አልፎት።

መልስ 19

ለእኔ መልስ ነው፣ ከመልስ 9 ሰውዬ። አየህ፣ የካልጋሪዋ እናት ልክ ነበረች አለኝ። በሊጉ አንደኛ ጎል አግቢ የነበረ ሰው የሆቴል ዘበኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መለስኩ፣ አሁንም አልጸጸትም። እኔም ዘበኛ ነበርኩ። ከአገር ቤት ስመጣ መምህር ነበርኩ፣ እዚህ ስድስት ዓመት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ጠብቄያለሁ። እዚህ የሚያነብ ግማሹ ሰው እንዲያ ያለ ሥራ ሠርቷል። ማስተማሬን ማንም ውድቀት ሊለው አይችልም፣ ጥበቃውንም እንዲሁ። አሳፋሪ ነገር ካለ የሚያሳፍረው ዋናው ሊግ ነው፣ ሰውየውን ለመጥራት 37 ዓመት የፈጀበት። መልስ አልሰጠም። መልስ 7፣ የአዲስ አበባው፣ ብቻ አንድ ልብ ጣለልኝ።

መልስ 20

የካልጋሪዋ እናት ተመለሰች። ከመልስ 4 በኋላ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁሉንም ስታነብ ቆይታለች። ሐሳቤን አልቀየርኩም ብላ ጀመረች። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ሆኪውን እዚያው ሊጫወት ይችላል።

ግን ቅዳሜ ለውድድር ሌላ ከተማ ሄደው ነበር። ልጁ ከኋላ ወንበር ሆኖ ክሩን በስልኳ አነበበው፣ አማርኛው ሲከብደው እሷ እያገዘችው። መልስ 8ን ሁለቴ አነበበ። ከዚያ የመኪና ማቆሚያው ላይ አውጥታ ታጫውተው ዘንድ ለመናት። ቀኝ ዓይኑን በሻርፕ አሰረችለት። በግራ በኩል እንዲሮጥ አድርጋ በስቲክ የቴኒስ ኳስ ሰጠችው፤ ከአሥሩ ሁለቱን ያዘ፣ አንዱ ላይ ከቆመ መኪና ጋር ሊጋጭ ነበር። አንገቱን እስኪያመው አዞረ። ከዚያ ወደ ቀኝ አሻገረችው። ሰባት ያዘ።

ሻርፑን ሳይፈታ በግራ በኩል እንደገና ልሞክር አላት። ጨዋታው ሊጀመር 20 ደቂቃ ቀርቶት ነበር፣ እሷ ግን ኳሱን አነሳች።